ከኋላ የሚያልፉ ሰዎች

የኮሌጁ ዲን ከገባ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆኖታል፤ እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሚናገረው ጠፍቶት አይደለም። በር ላይ የሟቿ የአጎት ልጅ ፍሩማ ክንዱን ይዛ፣ «ሐዘንተኛው ቀድሞ ካልተናገረ ለቅሶ ደራሽ አፉን አይከፍትም፤ የእኛ የአይሁዶቹ ደንብ ነው» ብላዋለች። እሱም ጨዋ ሰው ነውና ራሱን ነቅንቆ ገባ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ጥቁሩን የቆዳ ማኅደር ጭኑ ላይ አጋድሞ ጠበቀ። ይኸው እየጠበቀ ነው።

ሐዘንተኛው ሄርሼል ፓርነስ ፊት ለፊቱ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ በካልሲ፣ ጢሙን ሳይላጭ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው እሑድ ታላቅ እህቱ ዜልዳ የቤቷን ደረጃ እየወጣች ሳለ ልቧ ቆመ። ሰኞ ቀበሯት፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ሰባቱን የሐዘን ቀን የሚቀመጠው እዚሁ ቶሊዶ ከተማ፣ እሷ ቤት፣ እሷ መጽሐፍ በቆለለችበት ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዶቹ ከትልቁ የቡና ማፍያ እየቀዱ በወረቀት ኩባያ ይጠጣሉ፣ የማር ኬክ ይቆርሳሉ፣ ይንሾካሾካሉ። አሁን ግን ሹክሹክታውም ቆሟል። ሁሉም ዲኑን ነው የሚያየው።

ሄርሼል ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ዲኑ ትናንት ደውሎ ለፍሩማ አንብቦላታል። አንዲት ገጽ ናት። ፕሮፌሰር ዜልዳ ፓርነስ «ብዝኃነት በፊልም» የተባለው ትምህርታቸው፣ ከተማሪ በቀረበ ቅሬታ ምክንያት እንዲቋረጥ ከመሞታቸው በፊት በፈቃዳቸው ተስማምተው ነበር ትላለች። ከታች የቤተሰብ ፊርማ። በኮሌጁ ሕግ አንድ ትምህርት የሚዘጋው ወይ አስተማሪው ሲስማማ፣ ወይ በግልጽ ስብሰባ ድምፅ ሲሰጥበት ነው። ስብሰባው የፊታችን ሰኞ ነው። ሄርሼል ከፈረመ ግን ስብሰባ የለም፤ ነገሩ በጓዳ ያልቃል። በምትኩ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ካለው ዛፍ ሥር ስሟ የተቀረጸበት አግዳሚ ወንበር ይደረግላታል።

አግዳሚ ወንበር! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማ ላስተማረች ሴት! ደግሞስ ማን ተስማማ? ዜልዳ ያለቻቸው፣ «ሬሳዬን ተራምዳችሁ ካልሆነ በቀር!» ነው። ይኸው ሊራመዱ መጡ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ። ማቀዝቀዣው ያጓራል። ከጎረቤት የመጡት ሽማግሌ የተቀቀለ እንቁላል እያላመጡ ነበር፤ በዚያ ጸጥታ ማላመጣቸው ለራሳቸው ሲሰማቸው አፍረው ሳያደቁት ዋጡት። ዲኑ አንድ ጊዜ «እ...» ሊል አፉን ከፈተ፤ ፍሩማ ዓይኗን ስታፈጥበት መልሶ ገጠመው። ሄርሼል ሳይቆጣ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ዝም ማለት ይችልበታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እህቱ ክፍል ውስጥ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ከተማሪዎቹ ጀርባ የፊልም ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር የኖረ ሰው ነው።

በሠላሳኛው ደቂቃ ዲኑ ተነሣ። ወረቀቱን ከማኅደሩ አውጥቶ ኬኩ አጠገብ አስቀመጠ፣ እስክሪብቶውን ደረበበት፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ እስኪጠፋ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ፍሩሜ» አለ ሄርሼል። «ቡና ተርፏል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ፍሩማ፣ «ወይ አንተ! ሰውዬውን እኮ በቁሙ ፈጀኸው!» እያለች እንባዋን ጠረገች። ሳቁ ሲበርድ ግን ወረቀቱ ያው ኬኩ አጠገብ ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው ቡናውን እያቀበለችው።

«አልፈርምም።»

«አለመፈረሙ መች አነሰህ! ሰኞ አንድ ሰው ቆሞ ካልተናገረላት እኮ በአምስት ደቂቃ ነው የሚዘጉት። አስተማሪዎቹ እንደሆኑ ፈርተዋል። የቀረኸው አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ ምን?»

«አንተ ደግሞ በገዛ ሰርግህ ላይ እንኳ የተናገረችልህ ዜልዳ ናት። ምን ልበልህ?»

ሄርሼል ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ገና ሲያስበው ያስፈራዋል፤ ሁሌም እንዲሁ ነበር። የእሱን ድርሻ የምትናገርለት እህት ነበረችው፤ አሁን የለችም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ዜልዳ አሥራ ሁለት፣ እሱ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ነው። አባታቸው እሑድ እሑድ ሱቃቸውን ዘግተው ሰፈራቸው ወዳለው ሲኒማ ይወስዷቸው ነበር። አንድ ቀን ከፊልሙ ሲወጡ ሰው ሁሉ ስለ ሙሽራውና ስለ ውቧ ሙሽሪት ያወራል። ዜልዳ የአባቷን እጅ ጎተተች።

«አባባ፣ ትሪ ይዛ የገባችው ሴትዮ ስሟ ማን ነው?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ጥቁሯ። ሦስቴ እኮ ነው የገባችው።»

«እሷማ ስም የላትም፣ የኔ ልጅ። ትሪ ብቻ ነው የያዘችው።»

«ትሪ የያዘ ሰው ስም የለውም?»

አባትዬው ሳቁ። ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኞቻቸው ሲያወሩት ሰነበቱ። ዜልዳ ግን አልሳቀችም፤ ተናደደች። ያ ንዴት ሃምሳ አምስት ዓመት አልበረደላትም።

ስታድግም ያስተማረችው ያንኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ተማሪ ከፊልሙ ውስጥ አንድ ከኋላ የሚያልፍ ሰው ታድላለች፤ ለአንዱ አትክልተኛውን፣ ለአንዷ ትሪ የያዘችውን፣ ለአንዱ ሾፌሩን። «ሙሽራውንና ሙሽሪትን ተዋቸው፤ እነሱን ካሜራው ያይላችኋል» ትላለች። «እናንተ የየራሳችሁን ሰው ተከተሉ። ማን አናገረው? ማን ገፍቶት አለፈ? ማታ ቤቱ ማን ይጠብቀዋል?» ከዚያ ፊልሙ በሞቀበት ቦታ እጇን ታነሣለች፣ ሄርሼል ማሽኑን ያቆማል፣ መብራት ይበራል። «ማንን አላየንም?» ትላለች። መጨረሻውን ደግሞ እስከ ትምህርት ወቅቱ የመጨረሻ ቀን አታሳይም፤ ብትለምናት፣ ብታለቅስባት አታሳይም። ብዝኃነት የሚለውን ቃል ራሱን እምብዛም አትወደውም ነበር። «የኮሌጁ ቃል ነው፤ ብሮሹር ላይ ያምራል» ትል ነበር።

ሄርሼልን ያመጣችውም ራሷ ናት። ይሠራበት የነበረው ሲኒማ ተዘግቶ ሁለት ወር አልጋ ላይ ሲጋደም፣ አንድ ጧት ብርድ ልብሱን ገፈፈችው፦ «ተነሥ! ማሽን የሚነካልኝ አጣሁ።» በዚያው ቀረ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይታዘዝ ማሽኑን ያቆመው አንዴ ብቻ ነው። በአንድ አሮጌ ፊልም ውስጥ አፍንጫው የተጋነነ፣ እጁን የሚያፋትግ አይሁዳዊ ባለሱቅ ብቅ አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሄርሼል ቁልፉን ጠረቅ አድርጎ ዘጋው። ትምህርቱ ሲያልቅ ዜልዳ ኮሪደር ላይ አፈፍ አደረገችው።

«ማን አቁም አለህ?»

«ሲስቁ እኮ...»

«እንዲስቁ ነው የምፈልገው! ስቀው ሲጨርሱ የገዛ ሳቃቸውን እንዲሰሙት! አንተ ግን ደበቅክላቸው።»

«አባባን መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ዜልዳ የሸሚዙን ቁልፍ አስተካከለችለት። «ለእኔም አባባን ነው የሚመስለኝ፣ አንተ ቂል። ለዚህ እኮ ነው የማሳየው።» በሳምንቱ ያንኑ ፊልም ከመጀመሪያው አስነሣችው፤ ሳቁ መጣ፤ መብራት በራ፤ «አሁን የሰማነው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። የዚያን ቀን ማንም ሰዓቱ ሲያልቅ ከመቀመጫው አልተነሣም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ልክ በክፍላቸው ሰዓት፣ አሥራ አንዱም ተማሪዎቿ መጡ።

አመጣጣቸው ደንቡን ሁሉ አተራመሰው። ከፊት የመጣችው ማሪሶል ራሷን የሚያህል እቅፍ አበባ ተሸክማለች፤ በአይሁድ ለቅሶ ቤት አበባ አይገባም። ፍሩማ፣ «ግድ የለም ልጄ፣ ከልብሽ ነው» እያለች ወስዳ ጓዳ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። የበቆሎ ገበሬ ልጅ የሆነው ኮልተን፣ በሩ ራሱን የሚነካው ረጅም ጎረምሳ፣ ገና ከመግባቱ «እንደምን ዋላችሁ!» ብሎ ቤቱን አናወጠው። ሁሉም ደንግጦ አየው፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። ቤተሰቧ ከሊባኖስ የመጣው ናዲን ብቻ ቀስ ብላ ገብታ፣ በሽንኩርት የተለበጠ ምስርና ሩዝ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ምስር!» አለች ፍሩማ። «የሐዘንተኛ ምግብ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እናቴ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅሽን ሄደሽ እንዳታዋርጂኝ ብላኝ ነው።»

ሄርሼል ከበርጩማው ቀና ብሎ አያቸው። አራት ወር ጀርባቸውን ነበር የሚያውቀው። «ተቀመጡ» አለ። «ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል።» ይህችን ለማለት ራሱ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጓል።

ወለሉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ኮልተን ግን አልተቀመጠም። ኮፍያውን በእጁ ያጣምዛል።

«አቶ ፓርነስ፣ የምናገረው አለኝ። ያንን የቅሬታ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ማሪሶል አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አለ ሄርሼል።

«መምህሯ ፊልሙን መሃል ላይ ታቆምብናለች፤ መጨረሻውን አታሳየንም ብዬ! በቃ፣ ይኸው ነው! የኔ ሰው ሾፌሩ ነው አይደል? ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን ተናደድኩና ጻፍኩ። እነሱ ‹ተማሪው በትምህርቱ ደስተኛ አይደለም› አሉት። እኔ እኮ ደስተኛ ያልሆንኩት ስላቆመችው ነው!»

«አንተ ደደብ!» አለች ናዲን። ብላም ሳቀች፣ ስታበቃም አለቀሰች።

«ለእሷ ነገርኳት» አለ ኮልተን። «ባለፈው ሳምንት ቢሮዋ ሄጄ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹በትምህርቴ ላይ ከተጻፈው ሁሉ እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም› አለችኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ሰኞ መጥቼ ደብዳቤውን አነብላቸዋለሁ። ግን በናትዎ፣ መጀመሪያ መጨረሻውን ያሳዩን። ዛሬ የመጨረሻው ቀናችን ነበር።»

«እዚህ?» ፍሩማ ከጓዳ ወጣች። «በለቅሶ ቤት ፊልም? ሐዘንተኛ እኮ መዝናናት ክልክል ነው!»

ሄርሼል ወደ እሷ ዞረ። «ፍሩሜ፣ ዜልዳ ክፍል ውስጥ የተዝናና ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ማንም አልተዝናናም!» አሉ አሥራ አንዱ ባንድ አፍ።

ፍሩማ ከንፈሯን ነከሰች። «የምኩራባችንን ራባይ ልጠይቅ» ብላ ስልኳን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅና ቁጣ ተቀላቅሎበታል።

«ምን አሉ?»

«‹እኔም ተማሪዋ ነበርኩ፤ ሲኦል ነበር፤ አሳዩዋቸው› አሉ።»

በአይሁድ ሐዘን ቤት መስታወት ሁሉ ይሸፈናል። የሳሎኑን ትልቅ መስታወት ፍሩማ ሰኞ ዕለት በነጭ አንሶላ ሸፍናዋለች። ሄርሼል ማሽኑን ከዜልዳ መኪና አስወጥቶ መጻሕፍቱ ላይ አቁሞ፣ ብርሃኑን አንሶላው ላይ አሳረፈ። መጋረጃ ተዘጋ። ለቅሶ ደራሾቹም ኩባያቸውን እንደያዙ ወንበራቸውን አዙረው ቀሩ።

መጨረሻው አጭር ነው። ዝናብ ይዘንባል። ሙሽሮቹ ከቤቱ ይወጣሉ፤ ሾፌሩ ለሙሽሪት ጃንጥላ ይዞ መኪናው ድረስ ያደርሳታል። መሪውን የሚይዘው ግን ሙሽራው ራሱ ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ካሜራው መኪናውን ተከትሎ ሲዞር፣ በግራ ጥግ ለሦስት ሰከንድ ያህል ሾፌሩ ይታያል። ጃንጥላውን አሁንም ወደ ጎን ዘርግቶ ይዞታል፣ ሙሽሪት የነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ። እሱ ራሱ በዝናብ ይደበደባል።

ሄርሼል እዚያ ላይ አቆመው። እጁን ያነሣለት ሰው አልነበረም። መብራቱን አበራ። ሁሉም ጥያቄውን ጠበቀ፤ ጥያቄው የሚመጣበት ቦታ ግን ባዶ ነበር። እሱ ካላለው ማንም አይለውም።

«ማንን አላየንም?» አለ።

ድምፁ ሻካራ ነበር። ኮልተን ሾፌሩን ትኩር ብሎ እያየ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። መጀመሪያ የተናገረችው ማሪሶል ናት።

«እርስዎን» አለች። «አራት ወር ከጀርባችን ተቀምጠው... እኔ ስምዎን ያወቅሁት ዛሬ በር ላይ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ ማሽን ነኪ ነኝ» አለ ሄርሼል፤ ጆሮው ቀላ። ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብሎ የማይነካውን ሁሉ ነካካ። ከዚያ ተነሣ፣ ኬኩ አጠገብ የነበረውን ወረቀት አነሣ፣ ሁለት ላይ አጥፎ ከነእስክሪብቶው ኪሱ ከተተው። «ሰኞ በአሥር ሰዓት ነው» አላቸው። «እንዳታረፍዱ።»

ፍሩማ ጓዳ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች።

እሑድ ጧት ሰባቱ አለቀ። ራባዩ መጥተው «ከሐዘንህ ተነሥ» አሉት፤ ተነሣ፣ ጫማ አደረገ፣ እንደ ደንቡ ከፍሩማ ጋር ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረ። ጢሙን ተወው። ሰኞ ሲወጣ ፍሩማ በር ላይ አገኘችው። የለበሰው ያንኑ መቃብሩ አፋፍ ላይ የለበሰውን ጥቁር ኮት ነው። ሐዘንተኛ አፈሩ ከመመለሱ በፊት የልብሱን ኮሌታ ይቀዳል፤ የተቀደደውን ሰባት ቀን ይለብሳል፤ ከዚያ ያኖረዋል፤ እስከ ልብ ድረስ የሚቀደደው ለእናትና ለአባት ብቻ ነው።

«ሰባቱ እኮ አልቋል» አለችው። «ለእህት ከዚህ በላይ አይጠየቅም።»

«ማን ጠየቀኝ?» አላትና ወጣ።

የስብሰባው አዳራሽ ሞልቷል። አሥራ አንዱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ኮልተን ክራቫት አስሮ ደብዳቤውን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ የአዳራሹ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም አልቦታል። ሄርሼል የተናጋሪዎች መዝገብ ላይ ስሙን አስጻፈ። ዞር ሲል ዲኑ አጠገቡ ቆሟል። ሄርሼል ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፣ እስክሪብቶውንም ጨምሮ። ዲኑ ገልጦ አየ፤ ከታች ያለው መስመር ባዶ ነው።

«ሊናገሩ ነው እንዴ?» አለ፣ ተገርሞ።

ሄርሼል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አቶ ፓርነስ፣ ኮትዎ እኮ እዚህ ጋ ተቀዷል። ቢሮዬ ትርፍ ኮት አለኝ፤ ሰው ፊት ከመቆምዎ በፊት ላስመጣልዎ?»

ሄርሼል ወደ ደረቱ ዝቅ ብሎ አየ፣ ከዚያ ዲኑን።

«ተቀዶ አይደለም» አለው። «እኔ ነኝ የቀደድኩት።»

ጣቱንም ስንጥቁ ውስጥ አግብቶ ወደ ታች ሳበው፤ ጨርቁ ጠር ብሎ እስከ ልቡ ድረስ ተተረተረ። የመዝገቡ ጸሐፊ ስሙን ጠራች። ሄርሼል በመቀመጫዎቹ መሃል አልፎ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ።